ፈታኋት

ሹፌሩን ያዕቁብን ያገኘነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዶካ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ፣ ሰዉ ኮር በሚለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ መኪናው አራት ጎማዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተገልብጣለች። እዚህ ፒካፕን ቦክሲ ነው የሚሏት። የጫነችው ሰሊጥ አፈሩ ላይ ፈስሶ ወፍ ሰፍሮበታል። ሰውየው ከመሪው ሳይላቀቅ ሞቷል። አንድ እግሩ ላይ ጫማ አልነበረውም። ጫማውን ስፈልግ ቆየሁ፤ ለምን እንደፈለግሁት እኔም አላውቅ።

"አደጋ ነው" አለ ሙላዚም ኢሀብ ላቡን እየጠረገ። "ቸኩሎ ነው። ጻፍና እንሂድ።"

"ቆይ እስቲ አንድ ጊዜ።"

እኔ ባንተአምላክ እባላለሁ። መተማ ሳለሁ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ነበርኩ፤ አሁን ገዳሪፍ ፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚ ነኝ። አስራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሙላዚም የመኮንን ማዕረግ ነው፤ ኢሀብ ግን የልጄ እኩያ ነው። "ያ ኢንስፔክተር" ይለኛል፤ "ያ" የዐረቢኛ መጥሪያ ነው፤ ይሹፍብኝ ያክብረኝ እስካሁን አልለየልኝም። ሚስቴ ጎንደር ቀርታለች። ከፖሊስ ጋር የሚውልን ሰው ደግሞ ስደተኛ ቤቱ አይጠራውም። እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ፣ ሐበሻ ካልታሰረ በቀር አማርኛ የማወራው ሰው የለኝም።

ጠጋ ብዬ የመኪናዋን ሆድ አየሁ። የፊት ጎማዎቿ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዞረዋል። የመሪው ዘንግ ጫፍ፣ መካኒኮች ቴስቲና የሚሏት፣ ከቦታዋ ወጥታ ተንጠልጥላለች። አልተሰበረችም። ጥርሷ ደህና ነው፤ የምታጠብቃት ዳዶ ብቻ የለችም።

"ያ ሙላዚም፣ ዳዶዋን የሆነ ሰው ፈቷታል" አልኩ።

ከዘንጉ አጠገብ አዲስ ወፍራም ብረት ያብረቀርቃል። ስታቢላይዘር ይሉታል፤ መኪና ጥምዝ ላይ እንዳታዘነብል ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዝ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀይ ላስቲክ ተጠምጥሞበታል። ላስቲኩን አየሁት፣ ጻፍኩት፣ ከዚያ ረሳሁት። አይ እኔ!

ብረቱን ግን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ያዕቁብ ጭነት ሲበዛ መኪናዋ ትወዛወዛለች ብሎ ከዋናው የወፈረ አስገጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳናያት በድምፅ እናውቃት ጀመር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ማክሰኞ ዕለት ጋራዥ ሰፈር መሃል ቆሞ ብረቱን በገጠመለት መካኒክ ላይ ጮኸ። "ይሄን ብረትህን ንቀልልኝ! ጆሮዬን በላኝ!" መካኒኩም "አንድ ቀን ዝም ትላለች" አለው። ያየ የሰማ ሁሉ ይህን ለፖሊስ ለመናገር ተሽቀዳደመ።

መካኒኩ ሓድሽ ነው። የሁመራ ልጅ፣ በኡም ራኩባ ካምፕ የተመዘገበ ስደተኛ፣ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ የሣር ዳስ ሥር የሚሠራ። ዓርብ ማታ ያዙት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ከፊቴ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እጁ ግሪስ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ሐሙስ ዕለት ምን አደረግህ?"

"ጠዋት የያዕቁብ መኪና መጥታ ነበር።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ኢሀብ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ከዚያ ፈታኋት" አለ ሓድሽ።

"ፈታሃት?"

"ፈታኋት፣ ጋሼ። በገዛ እጄ።"

"ምን አለ?" አለኝ ኢሀብ። በዐረቢኛ "ፈኬታ"፣ ፈታሁ ማለት ነው፣ አልኩት። ሙላዚሙ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ለምን እንደሆነ ጠይቀው።"

ጠየቅሁት።

"እንድትሄድ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቃሉን ጻፍኩ፣ ተረጎምኩ፣ ከሥሩ ፈረምኩ። እሱም በአውራ ጣቱ አተመበት።

ኢሀብ ፋይሉን አጠፈና "ሰኞ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል" አለ። "ነፍስ ያጠፋ እዚህ አገር ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለህ።"

አውቃለሁ፤ ገመድ ነው። ግን ያቺ "እንድትሄድ" ያላት ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች። መኪና እንድትሄድ ታስራለህ እንጂ ትፈታታለህ እንዴ?

"እስከ ሰኞ ጠዋት ስጠኝ" አልኩት።

"ራሱ ተናግሯል፣ ምን ትፈልጋለህ?"

"እስከ ሰኞ።"

ትከሻውን ነቀነቀ። ሽማግሌ ሲወተውት ሱዳኖች እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።

*

ፉል በዳቦ ይዤ ወደ እስር ክፍሉ ሄድኩ። አልበላም። ስለ መኪናዋ ሳነሳ ግን ቀና አለ፤ የሙያው ነገር ነው።

"ድምፁ ከምን ነበር?"

"አንድ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ከሆነ፣ የብረቱ ማያያዣ ላልቷል ማለት ነው" አለ። "ሁለቱም ጎማ አብሮ ሲነሳ ከሆነ ግን፣ ብረቱ አንድ ነገር እየነካ ነው። ሰዉ ድምፅ ሲሰማ ዝም ብሎ ቡሎን ያጠብቃል። መጀመሪያ መጠየቅ ነው።"

"የሱ የትኛው ነበር?"

"ሁለተኛው። ብረቱ ወፍራም ስለሆነ የመሪውን ዘንግ ይነካል። ሮንዴላ ጨምሬ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ዝም ትላለች፣ ቅዳሜ አምጣት አልኩት። ሐሙስ አልቻልኩም። ጉዳይ ነበረብኝ።"

"ምን ጉዳይ?"

"ነገርኩዎት እኮ፣ ጋሼ።"

ደሜ ፈላ። "ይህን ሁሉ የምታውቅ ሰው፣ ታዲያ ለምን ፈታሃት?"

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ያየኝ ሰው ከስንት ጊዜ ወዲህ የለም።

"ይዣት ብቀር ምን እፈይድላት ነበር?"

ኤዲያ! አንድም ያብዳል፣ አንድም ያሾፍብኛል ብዬ ትቼው ወጣሁ። ዳቦውን እንኳ አልተቀበልኩትም፤ እዚያው ጉልበቱ ላይ ቀረ።

*

ለቅሶ ቤት ሄጄ የያዕቁብን ሚስት ጠይባን ከሴቶቹ መሃል አስጠራኋት።

"ዓርብ ጠዋት ከቤት ሲወጣ መኪናዋ ትጮህ ነበር?"

"ትጮህ ነበር እንጂ፣ ወንድሜ! የትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ ሁለቱ ጎማ ሲወጣ ቋ! ሲወርድ ቋ! መንገዱን እስኪታጠፍ ሰማኋት።" ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። "ስንቴ ረግሜዋለሁ ያን ድምፅ። አሁን ጆሮዬ እሱን ነው የሚጠብቀው። ምን አለ ዛሬም ቢያንቋቋ?"

ነፍስ ይማር ብዬ ወጣሁ። እቤቴ ስገባ የኔን በር የሚጠብቅ ጆሮ የትም እንደሌለ ትዝ አለኝና ሳልበላ ተኛሁ።

ግን አንድ ነገር ጨብጫለሁ። ሁለቱም ጎማ ሲነሳ ነው የምትጮኸው፤ ሓድሽ ያለው ልክ ነው። ደግሞም ዳዶዋን ሐሙስ ፈቷት ቢሆን፣ ቴስቲናዋ በዚያ መንገድ እስከ ዶካ ይቅርና ከገዳሪፍ መውጫ አታልፍም ነበር። ማንም ይሁን ማን፣ የፈታት ሰው መኪናዋ ከወደቀችበት ቅርብ ነው።

*

እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ዶካ ወረድኩ። ከመናኸሪያው አጠገብ ዋፋ የምትባል ሻይ ሻጭ አለች። እናቷ ሐበሻ ናት፤ እሷ ሱዳን ተወልዳ አማርኛዋ ግማሹ ዐረቢኛ ነው።

"ያ ዐሚ፣ ያዕቁብን አላህ ይርሐሙ፣ አውቀው ነበር" አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። "ዓርብ እዚህ ሻይ ጠጣ። ሲመጣ መኪናዋ ቋ ቋ ትላለች። ሲሄድ ኻላስ፣ ምንም! ገረመኝ።"

"ዝም አለች?"

"ዝም። እሱም ከመስኮት እጁን አውጥቶ 'ሰማሽ?' አለኝ። ሲስቅ ነበር።"

"መሃል ላይ የት ቆየ?"

በአገጯ ከመንገዱ ማዶ አሳየችኝ። የጎሚስታው የጀማሉ ዳስ ነበር።

ጀማሉ የወልቃይት ሰው ነው፤ ጎማ በመለጠፍ ስድስት ልጅ የሚያሳድግ። ስደርስ ከጎማ ጋር ይታገላል። ከጭንቅላቱ በላይ አሮጌ ቀይ የጎማ ላስቲክ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ በቢላ ተቀዷል። ኮሩ ውስጥ ያየሁት ቀይ ላስቲክ ያኔ ትዝ አለኝ። እሰይ፣ እንኳን ጻፍኩት!

"ዓርብ የያዕቁብን መኪና ነክተሃል?"

"ዓርብ እዚህ አልነበርኩም፣ ጋሼ። ፋሽጋ የትራክተር ጎማ ልሠራ ሄጄ ነበር።"

"ዋፋ፣ ዓርብ ጀማሉን አይተሽዋል?" ብዬ ተጣራሁ።

"አይቼዋለሁ! የአውቶቡስ ጎማ ፈንድቶ እሱ ነው የቀየረው!"

ፊቱ ጠቆረ። ግን አልተሸነፈም። "ብኖርስ? ቀይ ላስቲክ የዶካ ሰው ሁሉ አለው። 'ፈታሁ' ብሎ ያመነ ሰው አስራችሁ የለም እንዴ? አገር የሰማውን! እኔን ምን ትሉኛላችሁ?"

እዚህ ላይ ያዘኝ። ልክ ነው። ያ ቃል እያለ ማንንም መንካት አልችልም፤ ቃሉን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሓድሽ ያላደረገውን ለምን አደረግሁ ይላል? ሰው ዝም ብሎ ራሱን ገመድ ውስጥ አያስገባም። ሚስት እንዳለችው ፋይሉ ላይ አይቻለሁ። እስቲ እሷን ልጠይቅ ብዬ በተገኘው ትራክተር ተንጠላጥዬ ኡም ራኩባ ሄድኩ።

*

መርሃዊት ከመጠለያዋ ደጅ ሻንጣ እየዘጋች አገኘኋት። ሻንጣው አልገጥም ብሏት በጉልበቷ ተጭናዋለች።

"የሓድሽ ባለቤት አንቺ ነሽ?"

"ነበርኩ።"

"እንዴት ነበርኩ?"

እጇ ሻንጣው ላይ ቀረ። "ሐሙስ ዕለት ፈታኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ፈታኝ፣ አባቴ። በሽማግሌዎች ፊት።" አማርኛዋ ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ ታወጣዋለች። "ከእናቴ ጋር ወደ ውጭ የመሄድ ጉዳያችን የተጀመረው ሳላገባ ነው። አሁን ተፈቀደ። ባል አላት ከተባለ ግን እንደ አዲስ ይጀመራል፤ እናቴ ደግሞ ታማለች፣ ብቻዋን አትሄድም። እኔ እቀራለሁ አልኩት። እሱ 'ከምትቀሪ ልፍታሽ' አለ። ነገ ማለዳ አውቶቡሱ ይመጣል።"

ወረቀቱን አሳየችኝ። አራት መስመር ጽሑፍ፣ የሦስት ሽማግሌዎች ስም፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከሓድሽ ፊርማ አጠገብ የግሪስ ጣት አርፎበታል።

ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ነካኝ? ዐረቡ ለዳዶ "ፈኬታ" ይላል፤ ለሚስት "ጠለግታ"፤ ሁለቱ አይገናኙም። በኛ አማርኛ ግን ዳዶም ይፈታል፣ ሚስትም ትፈታለች፣ እስረኛም ይፈታል። ኢሀብ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ለማወቅ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ! "እንድትሄድ" አለኝ፤ "ነገርኩዎት እኮ" አለኝ፤ "ይዣት ብቀር ምን እፈይድላት ነበር" አለኝ። ሰውየው ስለ ሚስቱ እያወራ፣ እኔ ስለ ቴስቲና እሰማለሁ። ሐዘኑን ወስጄ ወንጀል አድርጌ ፈረምኩበት።

"እሱ ደህና ነው?" አለችኝ። "ከዓርብ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።"

ብነግራት አትሄድም። ሻንጣውን ትፈታዋለች፣ ወረቀቱን ትቀደዋለች፣ እናቷም ትቀራለች። ሓድሽ የከፈለው ሁሉ በከንቱ ይሆናል።

"ደህና ነው" አልኳት። "ሥራ በዝቶበት ነው። መልካም መንገድ በላት ብሎኛል።"

ዕድሜ ልኬን የሰው ውሸት ስይዝ ኖሬ፣ የኔን ውሸት አመነችኝ። ሻንጣውን አብረን ተጭነን ዘጋነው።

*

ዶካ ስመለስ ጀማሉ አይቶኝ ወደ ዳሱ ሊገባ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

"ሓድሽ የፈታው ሚስቱን ነው።"

"እ?"

"ሚስቱን ነው የፈታው አልኩህ! በሽማግሌ፣ በወረቀት። ዳዶዋን የፈታት ሌላ ሰው ነው።"

ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

"ዝም አሰኝልኝ ብሎ ለመነኝ" አለ በመጨረሻ። "ብረቱ ዘንጉን የሚነካበት ቦታ ላይ ላስቲክ ልጠመጥም ቴስቲናዋን ፈታሁ። ጠምጥሜ ስጨርስ መልሼ ዳዶዋን በእጄ ብቻ ያዝ አደረግኋት። ማጥበቂያ ኪያቤ ላመጣ ስል አውቶቡሱ ጎማው ፈነዳ፣ ተጠራሁ። ዞር ስል የለም። ለሙከራ ነዳት፣ ድምፁ ጠፋለት፣ ደስ ብሎት በዚያው ሄደ። ወላሂ ሮጬ ነበር፣ ጋሼ፤ እስከ ነዳጅ ማደያው ሮጥኩ።"

"ከዚያስ? ስልክ የለህም?"

"አልያዘም፣ ኔትወርኩ... ከዚያ መሞቱን ሰማሁ። ወዲያው ደግሞ አንድ ሰው ፈታሁ ብሎ አመነ አሉ። አላህ ሸፈነኝ አልኩ።"

"አላህን ከዚህ አታግባው" አልኩት። "የሸፈንኩህ እኔ ነኝ።"

እጁን እየታጠበ አለቀሰ። ሮጥኩ ብሎኛል፤ መሮጡን አምኜዋለሁ። ሰው እስር ቤት ሲገባለት ዝም ማለቱን ነው ይቅር ያላልኩት። የዶካ ፖሊሶች ዘንድ አብረን ሄድን፤ ቃሉን በዐረቢኛ ራሱ ሰጠ። እኔ አንድም ቃል አልተረጎምኩለትም።

*

ሰኞ ጠዋት ኢሀብ የጀማሉን ቃል ሁለቴ አነበበው። ከዚያ የሓድሽን አወጣና ፊርማዬ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ይህን የተረጎምከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ተሳስቻለሁ ብለህ ትፈርማለህ?"

"እፈርማለሁ።"

"እሱን ከፈረምክ በዚህ ቤት ሌላ ወረቀት አትፈርምም። የመኖሪያ ፈቃድህም በኛ ደብዳቤ ነው የሚታደሰው።" ድምፁ ላይ ማሾፍ አልነበረም። "አስበህበታል፣ ያ ኢንስፔክተር?"

ያከብረኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ብዕሩን ተቀበልኩትና ፈረምኩ።

ሓድሽን ረፋዱ ላይ ፈቱት። ቀበቶውን፣ ስልኩንና ሁለት ኪያቤ መለሱለት። ከጣቢያው በር ውጭ ከግንቡ ጥላ ሥር ጠበቅሁት።

"ሄደች?" አለኝ፤ የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው።

"ዛሬ ማለዳ። ትናንት አግኝቻታለሁ። ደህና ነው፣ መልካም መንገድ ብሎሻል አልኳት።"

ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን ከፈተው፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

"ሓድሽ፣ የበደልኩህ እኔ ነኝ" አልኩት። "ፈታኋት ስትለኝ መኪናዋን መሰለኝ። ግን አንተስ? ለምን አላስረዳኸኝም? ሚስቴን ነው አትልም?"

ግራ ተጋብቶ አየኝ።

"የተረዱኝ መስሎኝ ነዋ፣ ጋሼ። ያሰሩኝ ከያዕቁብ ጋር ስለተጨቃጨቅሁ ነው ብዬ ነበር፤ ዳዶ ተፈታ ያለኝ ሰው የለም። እዚያ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሚስቴን ፈታሁ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለእርስዎ ነው የነገርኩት።" ኪያቤዎቹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወራቸው። "ስነግርዎት አንገትዎን ደፉ። እኚህ ሰው አዘኑልኝ፣ ቃል አጥተው ነው ብዬ፣ ሁለቱን ሌሊት በዚያ ተጽናንቼ ነው ያደርኩት። እግዜር ይስጥልኝ።"

ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወደ ጋራዥ ሰፈር አቀና። እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። አንገቴን የደፋሁት ልጽፍ ነበር። ይህን ግን አልነገርኩትም።